እድር የመሰለኝ ገንዘብ

ሰባት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ የሚቆረጠው ገንዘብ እድር ይመስለኝ ነበር። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ልጄ ትስቃለች፤ አሁን አሁን እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ለእኔ ሳቅ አልነበረም።

ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ዘጠናዎቹ ገና ሲጀምሩ። ቢከን ሂል ላይ ከምንኖርበት አፓርታማ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ የአረጋውያን መጦሪያ ነበረ፤ እዚያ ላውንድሪ ውስጥ ተቀጠርኩ። ሥራዬ አንሶላና ፎጣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማጠፍ ነው። አለቃዬ የፊሊፒንስ ሴት ነበሩ፤ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጡኛል። የእሳቸውም የእኔም እንግሊዝኛ ሰባራ ስለነበረ በደንብ እንግባባ ነበር። ትልልቁን አንሶላ እሳቸው በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ እንይዝና እየተቀራረብን እናጥፈዋለን። በቀን ስንት ጊዜ ፊት ለፊት እንደምንገናኝ እግዚአብሔር ይወቀው። ሰው የሚለመደው እንዲህ ነው፤ ሳያወራ፣ እየመጣ እየሄደ።

አንድ ቀን አንሶላውን አጥፈን ስንጨርስ ከጋዋናቸው ኪስ ወረቀት አወጡ።

«ይህን ሳይን አድርጊ» አሉኝ።

«ምንድነው?»

«ጥሩ ነገር ነው። ከደመወዝሽ ትንሽ ይቆርጣሉ፤ ካምፓኒው ደግሞ ከራሱ ይጨምርልሻል። በኋላ ስታረጂ...» አሉና ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ጉንጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እረፍት ማለታቸው ነበር። እኔ ያየሁት ግን ሬሳ ነው።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ መጨረሻ ወረዱ። «ብትሞቺ ገንዘቡን ማን ይውሰደው?» አሉኝ። አሁንማ ምንም ጥርጥር አልቀረኝም። የልጄን ስም ነገርኳቸው፤ እሳቸው ጻፉልኝ፤ እኔ ፈረምኩ።

እኔ ወረቀት እፈራለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አገር ቤት ወረቀት ወደ ቤታችን የሚመጣው ከቀበሌ ነበር፤ ከቀበሌ የመጣ ወረቀት ደግሞ መልካም ወሬ ይዞልን አያውቅም። እድርን ግን አውቃለሁ። እድር በየወሩ ይከፈላል፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወጥ ይሠራል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጠዋል። ከከፈልክ አለህ፤ ካልከፈልክ ትሰረዛለህ። ያን ቀን ማታ ለልጄ «መሥሪያ ቤታችን እድር አለው፤ ገባሁ» አልኳት። ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። «ኦኬ» አለችና ካርቱኗን ቀጠለች። እኔ ደስ አለኝ። በሰው አገር ብሞት የሚቀብረኝ አገኘሁ ብዬ እንዲያውም ያን ሌሊት በሰላም ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ፖስታ ይመጣ ጀመር። አልከፈትኩትም። የራሱን ቀብር ሒሳብ ከፍቶ የሚያይ ሰው አለ? ከፓስፖርታችን ጋር ሻንጣ ውስጥ እከተዋለሁ። አንድ ጊዜ አለቃዬ «ደመወዝ ስለተጨመረልሽ መዋጮሽን ትንሽ ከፍ እናድርገው?» ቢሉኝ እሺ አልኩ። እድር ላይ መዋጮ ሲጨመር አልጨምርም የሚል አባል ምን እንደሚባል አውቃለሁና።

የልጄን ጥርስ ያሠራንበት ዓመት ክፉ ነበር። የአንድ ወር የቤት ኪራይ ሳልከፍል አሳለፍኩ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰው ቤት አጸዳለሁ፤ ልጄ የዓምናውን ጫማዋን ጣቷን አጥፋ ታደርጋለች። ያኔ አብራን የምትሠራ ወጣት ሴት ከዚያው ገንዘብ ተበድራ መኪና ገዛች። ደነገጥኩ። ከእድር ገንዘብ አውጥቶ መኪና የሚገዛ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ለአለቃዬም በምስጢር «ይህች ልጅ ደህና ናት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ምን እንዳልኩ አልገባቸውም፤ «መኪናው ያገለገለ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ያን ገንዘብ መንካት በሐሳቤም አልመጣብኝም። ዛሬ ሳስበው ያን ዓመት ገንዘቡ የእኔ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አንድ ሳንቲም አይተርፍም ነበር። አለማወቄን ሳመሰግን ሰው ይስቅብኛል፤ ቢሆንም አመሰግነዋለሁ።

እንዲህ ሆነን ዘጠናዎቹ ወደ መጨረሻው ሲጠጉ መጦሪያው ለሌላ ካምፓኒ ተሸጠ። አለቃዬ በዚያው ሰበብ ጡረታ ወጡ። ለእኛ ደግሞ ወፍራም ፖስታ በእጃችን ተሰጠን፤ ከፍታችሁ አንብቡ፣ በስድሳ ቀን ውስጥ መልስ ስጡ አሉን። መልስ የሚጠይቅ እድር አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጄን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፖስታውን ሰጠኋት። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ውጪው ያው እንደ ልማዱ ያካፋል።

አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

«እማዬ፣ ሌሎቹ ፖስታዎች የት ናቸው?»

ሻንጣውን አመጣሁ። አንድ በአንድ ቀደደቻቸው። ጠረጴዛው ሞላ።

«ይህ እኮ እድር አይደለም» አለችኝ።

«ታዲያ ምንድነው?»

«ያንቺ ገንዘብ ነው። ሪታየርመንት። ስታረጂ የምትኖሪበት።»

«ስሞት ነው እንጂ።»

«ኖ፣ እማዬ። ሳትሞቺ። በሕይወት ቁጭ ብለሽ ነው የምትበይው።»

ቁጥሩን በጣቷ አሳየችኝ። አሥራ ሦስት ሺህ ዶላርና ጥቂት። መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ መልሼ አደረግኩ። አልተለወጠም። የመጀመሪያው ስሜቴ ደስታ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን ፍርሃት ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት ምንም አልነበረኝም፤ የሚጠፋብኝ ነገርም አልነበረም። አሁን አለ።

ወረቀቱ ሦስት መንገድ ይላል። አንደኛው፣ ገንዘቡን አውጥቼ መውሰድ፤ ግን ዕድሜዬ ስላልደረሰ ታክስም ቅጣትም አለው። ሁለተኛው፣ አዲሱ ካምፓኒ ወደሚያስተዳድረው ማዛወር። ሦስተኛው፣ በራሴ ስም የጡረታ ሒሳብ ከፍቼ ራሴ ማስተዳደር፤ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚገዛበት እኔ ልመርጥ።

«እኔ?» አልኩ።

«አንቺ» አለች ልጄ። «ወይም ምንም አትንኪው። እኔ እንጃ። ሒሳብ ክፍል እንዲህ ያለ አልተማርንም።»

ዕዳው እሷ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ይህን ገንዘብ ካጠፋሁት ሳረጅ የምጦረው በእሷ ነው። ኮሌጅ ገብታ፣ ሥራ ይዛ፣ ወደ ፈለገችበት አገር መሄድ ስትችል እኔን ተሸክማ እዚህ ትቀራለች። መጦሪያው ውስጥ አንሶላ ሳመላልስ እናታቸውን ለመጠየቅ መጥተው ሰዓታቸውን የሚያዩ ልጆችን አይቻለሁ። ክፉዎች አይደሉም፤ ደክሟቸው ነው። ልጄ እንደዚያ ሰዓቷን እንድታይ አልፈልግም። የፈራሁት ይህንን ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

በማግስቱ የአክስቴ ልጅ ከሌክ ሲቲ መጣ። እሱ የኤርፖርት ቫን ይነዳል። ኮምፒዩተር ገዝቶ በዚያ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል፤ ከእሱ ጋር ሌላ ወሬ የለም። የሰባቱን ዓመት ታሪክ ልጄ ስትነግረው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ።

«እታለም፣ ለራስሽ ተዝካር ስታዋጪ ነበራ» አለኝ።

«ሳቅ። አንተ ሰባት ዓመት ምን አጠራቀምክ?»

«እሱን ተይው። አሁን ስሚኝ፣ ራስሽ ሜኔጅ አድርጊው። ሶ፣ ሒሳብ እንከፍታለን፤ እኔ የምነግርሽን እንገዛለን። በስድስት ወር እጥፍ ነው።»

«እጥፍ ካልሆነስ?»

«ይሆናል።»

«ካልሆነስ ብዬህ ነው።»

ጉርሻውን ዋጠና «ፍርሃት እንጀራ አይሆንም፣ እታለም» አለኝ።

ፓስታ ነበር የምንበላው፤ ልጄ ይህንኑ አስታወሰችው፤ ሳቅን። ይሁን እንጂ ነገሩ አልለቀቀኝም። እሱ ክፉ አስቦልኝ አይደለም። አገሩ በሙሉ እንዲያ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ሰው ስለ አክሲዮን ያወራል። ዕድል በበር ስታልፍ ፈርቼ ተኝቼ ይሆን? ሌላው ጎኔ ደግሞ እንዲህ ይለኛል፦ ላላወቅሁት ካምፓኒ ዝም ብዬ ብተወውስ፣ እሱም እንደ ፊተኛው ሲሸጥ እንደገና ወረቀት ሊመጣ አይደል?

በሳምንቱ ካምፓኒው የሚያስረዳ ሰው ላከ። ካፍቴሪያው ውስጥ ተሰበሰብን። ልጄን ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ይዣት ሄድኩ። ሰውየው ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ቀስ ብሎ ያስረዳል፤ መልካም ሰው ነበር። ሁሉም ሲጨርስ እጄን አወጣሁ። ልጄ ጆሮዬ ላይ «እማዬ፣ አር ዩ ሹር?» አለችኝ። በአማርኛ ተናገርኩ፣ እሷ ተረጎመች።

«ገንዘቡን እኔ ራሴ ሳስተዳድር ብሳሳት፣ ተሳስተሻል ብሎ የሚነግረኝ ማን ነው?»

ሰውየው «ማንም» አለ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ማንም የለም።»

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ራሴን አስደግፌ ያን «ማንም» የሚለውን አመላልሰው ነበር። አገር ቤት ሰፈራችን እድር ላይ ዳኛ ነበረ፣ ጸሐፊ ነበረ፣ ገንዘብ ያዥ ነበረ። ገንዘብ ያዡ ያለ ዳኛው ቃል አንድ ብር አያወጣም። ዳኛው ገንዘቡን በእጁ አይነካም። ጸሐፊው የተባለውን ሁሉ ይጽፋል፤ ሁለቱ ቢጣሉ መዝገቡ ይፈርዳል። ማንበብ የማይችሉ አሮጊቶች ገንዘባቸውን አምነው የሚሰጡት ሰዎቹ መልአክ ስለሆኑ አይደለም፤ ሦስት ስለሆኑ ነው። ሰውየው የነገረኝ አስተዳደር ግን ራሴ ዳኛ፣ ራሴ ጸሐፊ፣ ራሴ ገንዘብ ያዥ የምሆንበት ነው። የፈራሁት ማስተዳደሩን አልነበረም፤ ብቻዬን ማስተዳደሩን ኖሯል።

«ጸሐፊ ትሆኛለሽ?» አልኳት ልጄን።

«የምን ጸሐፊ?»

«የእድራችን።»

ዓይኗን ወደ ላይ አደረገች፤ እንደ ልማዷ። ከወረድን በኋላ ግን «ደመወዝ አለው?» ብላ ጠየቀች። የለውም አልኳት። ኦኬ አለች።

የቀድሞ አለቃዬ ቤት ከእኛ ስድስት ብሎክ ነው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አንኳኳሁ። ጓሮ ነበሩ፤ ጎመን ይተክላሉ። ጉዳዩን ስነግራቸው የጀመርኩት ከኋላው ነው፤ እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ከጨፈኑበት ቀን። ሲገባቸው አፈር ያለበት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሰባት ዓመት ትቀብረኛለች ብለሽ አስበሽ ነው ያን ሁሉ አንሶላ ከእኔ ጋር ያጠፍሽው?»

«እርስዎ አይደሉም፣ ካምፓኒው ነው የሚቀብረኝ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተውና የእሳቸው የጡረታ ገንዘብ እንዴት እንደሆነ ነገሩኝ። እሳቸውም ራሳቸው ያስተዳድሩታል፤ በአንድ ኩባንያ ላይ ሳይሆን ብዙ መቶ ኩባንያ በተደባለቀበት ነገር ላይ አስቀምጠውታል፤ ከፊሉን ደግሞ ትንሽ በሚወልድ ነገር ግን በማይወድቅ ላይ። «በዓመት አንዴ አያለሁ» አሉ። «ቶሎ ቶሎ ካየሁት እጄን ይበላኛል።»

«ዳኛ ይሆኑልኛል?» አልኳቸው።

ዳኛ ምን እንደሆነ፣ ጸሐፊ ምን እንደሆነ፣ ሦስቱ ካልተስማሙ ገንዘብ ከቦታው እንደማይነቃነቅ አስረዳኋቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ጨበጡኝ። ያን ወረቀት ያስፈረሙኝ ዕለት የሚገባቸውን አላመሰገንኳቸውም ነበር፤ ሞቴን ያሰቡልኝ መስሎኝ እንጂ ዕድሜዬን ማሰባቸው አልገባኝምና። ያን ቀን በአማርኛ መረቅኋቸው። ቃሉ ባይገባቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ፤ አሜን ማለት የሚገባበትንም ቦታ አወቁት።

የመጀመሪያው ስብሰባ እሑድ ከሰዓት በእኛ ቤት ሆነ። ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ ያለ ሦስታችን ምንም አይገዛም፣ ምንም አይሸጥም። ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንሰበሰባለን፤ በመሀል አንነካውም። ሦስተኛ፣ ያረፈደ አንድ ዶላር ይቀጣል። ይኼኛው እንደጸደቀ አለቃዬ ቦርሳቸውን ከፈቱና አንድ ዶላር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ሃያ ደቂቃ አርፍደው ነበር። ልጄ ቃለ ጉባኤውን በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ አንዴ የተጻፈ አይሰረዝም ብያታለሁ፤ ቀስ ብላ በአማርኛ ትነግረኛለች፤ እኔ ደግሞ በሌላ ደብተር በፊደላችን እጽፈዋለሁ። የእኔ ጽሑፍ ሸካራ ነው፤ ቢሆንም ያ ደብተር ራሴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ረዥም ነገር ነው። ዛሬ ይህንን ለመጻፍ የደፈርኩትም በእሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ስብሰባ መኖሩን ሰምቶ ሳይጠራ መጣ። ሦስታችንን አይቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ሦስት አባል ያለው እድር» አለ። «ሬሳ የሚሸከም እንኳ አይሞላ።»

«አራተኛው አንተ ነህ» አልኩት። «ለመሸከም ብቻ። ድምፅ የለህም።»

«ሐሳብ ማቅረብስ?»

«ለዳኛዋ አቅርብ።»

ቀልዱን ትቶ ተቀመጠ፤ አንድ ስሙን ያላወቅሁት የኮምፒዩተር ኩባንያ ነበረ፤ ስለእሱ በእንግሊዝኛ ለአለቃዬ አስረዳ። በደንብ አስረዳ፤ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁበት። አለቃዬ እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ኩባንያው ምንድነው የሚሸጠው?» አሉት።

«እስካሁን ምንም። ገና ነው።»

«እሺ። ሲሸጥ ና» አሉት።

ልጄ በደብተሯ ላይ ጎንበስ ብላ ሳቋን ስትቀብር ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሱም ሳቀ፤ ተቀየመ ብዬ ነበር፣ አልተቀየመም። ወረቀቱን ፖስታ ቤት የወሰደልኝም በኋላ እሱ ነው፤ በቫኑ።

ያን ቀን የወሰንነው ይህ ነው። ገንዘቡ በእኔ ስም ይከፈታል፤ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሁለት ሦስተኛው ብዙ ኩባንያ በተደባለቀበት፣ አንድ ሦስተኛው በማይወድቀው ላይ። ከሥራ ደመወዜ የሚቆረጠው አዲሱ ካምፓኒ ጋር ይቀጥላል፤ እሱን አልነካነውም። ከዚያ ልጄ ቅጹን አመጣች። ገጽ በገጽ እያነበበች፣ እየተረጎመች፣ እኔ የት እንደምፈርም በእርሳስ ምልክት አደረገችልኝ። መጨረሻው ላይ ያ ጥያቄ እንደገና መጣ። ብትሞቺ ማን ይውሰደው?

አለቃዬ እጃቸውን ወደ እስክሪብቶው ዘረጉ፤ ድሮ እሳቸው ስለጻፉልኝ ይሆናል። «እኔ ልጻፈው» አልኳቸው።

የልጄን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት። ከፊደሎቹ አንዱ ከመስመሩ ወጣ። የአክስቴ ልጅ እንኳ አልቀለደም። ልጄ በአራት ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን የትውልድ ዓመቴን ሰልላ አይታ «ገና ሃያ ዓመት ትሠሪያለሽ» አለችኝ፤ ማጽናናቷ ነው።

ስንጨርስ ቃለ ጉባኤውን አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችው፤ ከዚያ ወደ አማርኛ መለሰችው። «ገንዘብ ያዧ በጣም ፈርታ ነበር። ፈረመች» ይላል።

«ፈርታ ነበር የሚለውን ሰርዢው» አልኳት።

«አይሰረዝም» አለችኝ። «ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ዳኛዋን አየኋቸው። ጉዳዩ ሲተረጎምላቸው ለልጄ ፈረዱላት። እኔም በደብተሬ እንዳለ ገለበጥኩት፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።